ትንፋሽ ወዴት ይውጣ? ስለ ስኖሞቢል ሄልሜትና መነጽር የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪ፦ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት፣ ቡርንስቪል ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በየዓመቱ በረዶ ሲጥል ልጆቹን ወደ ባክ ሂል ይዞ ይወጣል እንበል፤ ባክ ሂል እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተና የኦሎምፒክ አሸናፊዋ ሊንዚ ቮን በልጅነቷ የሠለጠነችበት የበረዶ መንሸራተቻ ኮረብታ ነው። ይህ ቤተሰብ ለመንሸራተቻው የሚሆን ሄልሜት፣ በጥንቱ አነጋገር የራስ ቁር፣ እና ሰፊ የበረዶ መነጽር አስቀድሞ ገዝቶ አስቀምጧል። አሁን ስኖሞቢል ለመንዳት ስለ ተነሣ ብቻ ሌላ ሄልሜትና ሌላ መነጽር ይግዛ ማለት ከመደብሩ ገቢ በቀር ምን ምክንያት ይኖረዋል? ስኖሞቢል ከፊት በሁለት ሸርተቴዎች የሚመራ፣ ከኋላ በሚሽከረከር የጎማ ሰንሰለት የሚገፋ ባለሞተር መጓጓዣ ከመሆኑ በስተቀር፣ በረዶው ያው በረዶ፣ ብርዱ ያው ብርድ፣ የሚጠበቀውም ራስ ያው ራስ ነው።

ተሟጋች፦ ራሱ አንድ ቢሆንም በራሱ ላይ የሚመጣው አንድ አይደለም። ባክ ሂል ከግርጌው እስከ አናቱ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ተንሸራታቹ ቁልቁለቱን በአጭር ጊዜ ወርዶ ይጨርስና በማንሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ ትንፋሹን ይሰበስባል። የስኖሞቢል ነጂ ግን የሚመታውን ነፋስ ራሱ እየሠራ ለሰዓታት ይጓዛል። ሚኒሶታ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የስኖሞቢል መንገዶቿ ላይ የፈቀደችው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ላይ የነፋስ ብርድ የሚባለው ነገር ይጨመራል፤ ይኸውም ነፋስ ከቆዳ ላይ ሙቀትን ጠርጎ ሲወስድ ገላው የሚሰማው ብርድ ከአየሩ ብርድ በልጦ የሚገኝበት መጠን ነው። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሚጠቀሙበት ቀመር ሲሰላ፣ አየሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የተገለጠ ጉንጩ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ባለበት ጸጥ ያለ አየር ውስጥ እንዳለ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ከቆየም ውርጭ ሊመታው ይችላል። ሰውን ውርጭ መታው ማለት፣ እንደ ደብረ ብርሃን ገብስ ሁሉ፣ በቆዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ረግቶ ሥጋው መሞት ጀመረ ማለት ነው። የመንሸራተቻው ሄልሜት አናትንና ጆሮን ሸፍኖ ጉንጭን፣ አፍንጫንና አገጭን ባዶ ይተዋል፤ ከፊት የሚሄደው ስኖሞቢል በሰንሰለቱ እየፈነጠረ የሚወረውረው የበረዶ ጓልና የመንገድ ዳር ቅርንጫፍ የሚያርፉት ደግሞ እዚያው ባዶው ቦታ ላይ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ስለ ብርድ ከተነሣ አንድ የማይመች ሐቅ አለ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የሞተር ሄልሜት፣ ለስኖሞቢልም የሚያገለግለው፣ በጀርባው ላይ ዲ.ኦ.ቲ. የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ይህም የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ያወጣውን የፌዴራል የደኅንነት መለኪያ ቁጥር 218 ያሟላል ማለት ነው። ይህ መለኪያ ሄልሜቱን የሚፈትነው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ አቀዝቅዞ ሲሆን፣ ለመንሸራተቻ ሄልሜት የወጣው የአውሮፓው ኢ.ኤን. 1077 ደግሞ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ድረስ ወርዶ ይፈትናል። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ የተመዘገበው ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ነበር። እንግዲህ ለሚኒሶታ ብርድ የተፈተነው የትኛው ነው? ከዚህም በላይ ዲ.ኦ.ቲ. የሚለውን ምልክት የሚለጥፈው መንግሥት ሳይሆን አምራቹ ራሱ ነው፤ መንግሥት የሚያደርገው ከገበያ ላይ አንዳንዱን አንሥቶ መፈተሽ ብቻ ነው።

ተሟጋች፦ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ገዢ ሁሉ ቢያውቃቸውም ይጠቅማል። ነገር ግን ፈተናው የብርድ ብቻ አይደለም። የሞተሩ ሄልሜት እስከ 1.83 ሜትር ከሚደርስ ከፍታ በብረት መስፍ ላይ ሲለቀቅ በአራት ቦታዎች፣ በእያንዳንዱም ቦታ ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲመታ ይደረጋል፤ የመንሸራተቻው ሄልሜት ግን በአንድ ቦታ አንድ ምት ብቻ እንዲችል ሆኖ ነው የሚሠራው። ከስኖሞቢል የወደቀ ሰው አንድ ጊዜ ተመትቶ አይቀርም፤ ይንከባለላል፣ ራሱም ደጋግሞ ይመታል፣ አንዳንድ ጊዜም ማሽኑ ይከተለዋል። ብርዱን በተመለከተ ደግሞ የአውሮፓው የሞተር ሄልሜት መለኪያ፣ ኢ.ሲ.ኢ. የሚባለው፣ እስከ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ስለሚፈትን፣ ሁለቱም ምልክት ያለበትን ሄልሜት ፈልጎ መግዛት ይቻላል።

ተጠራጣሪ፦ ከ1.83 ሜትር የወደቀ ነገር መስፉን የሚነካው በሰከንድ 6 ሜትር ፍጥነት ነው፤ ይህም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ80 ለሚነዳ ሰው በ22 የተፈተነ መከላከያ ማቅረብ ማጽናኛ እንጂ ጥበቃ አይባልም።

ተሟጋች፦ በ80 ተጉዞ ዛፍ ላይ የተለጠፈን ሰው የሚያድን ሄልሜት የለም፤ አለ የሚል ሻጭ ቢኖር ከመደብሩ መውጣት ይሻላል። ነገር ግን አብዛኛው ነጂ ሲወድቅ ራሱ ወደ መሬት የሚወርደው ከኮርቻው ከፍታ ሲሆን፣ ወደፊት የነበረው ፍጥነት በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ያልቃል። ፈተናው የለካው ያንን ወደ ታች የሚሆን ምት ነው። ሥራውን የሚሠራውም የሚያብረቀርቀው ቅርፊት ሳይሆን ከሥሩ ያለው ፖሊስታይሪን ነው፤ ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ በየጥጉ የሚወሸቀው ነጭና ቀላል ነገር ማለት ነው። ይህ ነገር ምቱን የሚቀበለው ራሱ ተጨፍልቆ ስለሆነ፣ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፤ ውጭው ቅርፊት ጭረት ሳይታይበት ውስጡ ሊሞት ይችላል።

እናት፦ እንግዲያው ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚወርሰው ሄልሜት ነገር እዚህ ላይ ይነሣ። የሐበሻ ቤት ልጅን የሚያለብሰው «እንዲያድግበት» ብሎ ሰፋ አድርጎ ነው፤ ጫማው በወረቀት ይጠቀጠቃል፣ የጃኬቱ እጅጌ ይታጠፋል፣ ልጁም በዓመቱ ይሞላዋል። የሚኒሶታ ሕግ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ በሕዝብ መሬት ላይ ስኖሞቢል ሲነዳም ሆነ ኋላ ሲቀመጥ ሄልሜት እንዲያደርግ ያስገድዳል። ሦስት ልጆች ያሉት ቤት በየዓመቱ ሦስት ሄልሜት ይግዛ ነው የሚባለው?

ተሟጋች፦ እህታችን ያነሡት ከመለኪያዎቹ ሁሉ የሚቀድም ነው። «እንዲያድግበት» የሚለው ልማድ ለጃኬት ጥሩ ሆኖ ሳለ ለሄልሜት አደገኛ ነው፤ የሰፋ ሄልሜት ልጁ ሲወድቅ በራሱ ላይ ዞሮ ዐይኑን ይሸፍናል ወይም ተገልብጦ ይወልቃል። ልኩ የሚወሰደው በመተሪያ ክር ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ከኋላም ወጣ ያለውን የራስ ቅል ይዞ ዙሪያውን በመለካት ነው። ከተደረገ በኋላ ሄልሜቱ በእጅ ተይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዘወዝ የግንባር ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት፤ ቆዳው ቆሞ ሄልሜቱ ብቻ ከዞረ ሰፍቷል። የአገጩ ጠፍር ከታሰረ በኋላ ደግሞ ከማጅራት በኩል ወደ ላይ ገፍቶ ወደ ፊት ለመገልበጥ መሞከር ያስፈልጋል፤ ከተገለበጠ በዋጋው መነጋገር ትርፉ ድካም ነው። ውርሱን በተመለከተ፣ ያልወደቀና ያላረጀ ሄልሜት ለታናሽ ቢተላለፍ ነውር የለበትም፤ ችግሩ ታላቁ «አልወደቅሁም» ማለቱን ማረጋገጫ አለመኖሩ ነው።

እናት፦ ሹሩባ የተሠራች ልጅስ? በአንዱ ሳምንት ጸጉሯ በቀጭን ተሠርቶ ከራስ ቅሏ ጋር ይጣበቃል፣ በሌላው ሳምንት ይፈታና ሄልሜቱን ሁለት ቁጥር ያህል ያሳድገዋል፤ ከማጅራቷ ላይ ከተቋጠረ ደግሞ ሄልሜቱ ከኋላ ተነሥቶ ከፊት ቅንድቧ ላይ ይወርዳል። በመደብሮቹ ሠንጠረዥ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል አይገኝም።

ተሟጋች፦ በሠንጠረዡ ላይ ባይገኝም ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ጸጉሩ በሚነዳበት ቀን እንደሚሆነው ሆኖ ይለካል፣ ቋጠሮውም ከሄልሜቱ ጠርዝ በታች፣ አንገት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርግ ነጂ ቀጭንና የማይታጠፍ ጨርቅ መርጣ፣ እሱኑ አድርጋ ትለካለች። ጆሮንና አንገትን የሚሸፍነው ጭንብል፣ ባላክላቫ የሚባለው፣ እንዲሁ በልኬቱ ጊዜ መደረግ አለበት፤ ያለ ጭንብል የተለካ ሄልሜት በጭንብል ሲደረግ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግንባርን እንደ መዥገር ይይዛል።

ተጠራጣሪ፦ ልክ ስለ መሆን ክርክር የለም። ክርክሩ ሙሉ ፊት በሚሸፍነው ሄልሜት ላይ ነው። የዲ.ኦ.ቲ. መለኪያ የአገጩን ቅስት፣ ማለትም ከአፍ ፊት ለፊት የሚያልፈውን ክፍል፣ ጭራሹን አይፈትንም። ቅስቱ ወደ ላይ የሚከፈተው ዓይነት፣ ሞጁላር የሚባለው፣ በማጠፊያና በመቆለፊያ የቆመ ነው፤ ማጠፊያ ባለበት ደግሞ ድካም አለ። ገዢው በፌዴራሉ ምልክት ተማምኖ አገጩን ላልተፈተነ ፕላስቲክ ይሰጣል።

ተሟጋች፦ ለዚህ መልሱ ተጨማሪ ምልክት መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የስኔል መታሰቢያ ፋውንዴሽን የአገጩን ቅስት ይፈትናል፤ የአውሮፓው መለኪያም ፈትኖ፣ ቅስቱ መከላከያ መሆኑን በፒ ፊደል ያመለክታል። ሞጁላሩ ማጠፊያ ቢኖረውም ለአንድ ወገን ግን የሚተካው የለም፤ መነጽር የሚያደርግ ሰው ቅስቱን ከፍቶ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ መነጽሩን ከዚያ በኋላ ያስገባል። በተዘጋው ሄልሜት ይህን ለማድረግ የሞከረ የመነጽሩ ዘንግ ጆሮው ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

ተጠራጣሪ፦ አሁን ወደ ዋናው ነገር ተደረሰ። ፊት ሁሉ ከተዘጋ ትንፋሽ ወዴት ይወጣል? ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ ሲወዳደር በሜዳ ላይ የሚደረገውን ረጅሙን የበረዶ ሸርተቴ ሩጫ ነበር የሮጠው፤ የዚያ ስፖርት ሰዎች በበረዶ መካከል እየተነፈሱ ሄልሜት የሚባል አያደርጉም፣ ፊታቸው ክፍት ስለሆነም ትንፋሻቸው በነጻ ይሄዳል። የስኖሞቢል ነጂ ግን ፊቱን እንደ እንስራ ከድኖ፣ በገዛ ትንፋሹ ታውሮ፣ በ80 ይነዳል። ብርዱን ሸሽቶ ዐይኑን ያጣ ሰው ምን አተረፈ?

ተሟጋች፦ የጉዳዩ እምብርት ይኸው ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ምጣድ ላይ እንጀራ ጋግሮ አክምባሎ የከደነ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ክዳኑ ሲነሣ ከውስጥ ወገኑ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ምክንያቱም ትኩሱና እርጥቡ እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲነካ ወደ ውኃነት ይመለሳል። የሰው ትንፋሽም እንዲሁ ትኩስና በእርጥበት የጠገበ ነው፤ የፊቱ መከለያ ከውጭ ባለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ትንፋሹ ሲነካው በመጀመሪያ ጭጋግ፣ ቀጥሎ ጤዛ፣ በመጨረሻም በጣት ጥፍር የማይፋቅ ስስ በረዶ ይሆናል። ነፋሱ መከለያውን ከአየሩ በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፤ የነፋስ ብርድ ለቆዳ እንጂ ለፕላስቲክ የወጣ ስሌት አይደለም፤ ነገር ግን ወደዚያ ብርድ ፈጥኖ ያደርሰዋል። ስለዚህ የስኖሞቢል ሄልሜት ከሞተር ሳይክል ሄልሜት የሚለይባቸው ነገሮች ሁሉ የአንድ ጥያቄ መልሶች ናቸው። አንደኛው አፍንጫና አፍ ላይ የሚገጠም የጎማ ጭንብል ነው፤ ጉንጭ ላይ ተጣብቆ ትንፋሹን ወደ ታችና ወደ ጎን አውጥቶ ከዐይን ክፍል ይለየዋል። ሁለተኛው በመካከሉ አየር የታሰረበት ድርብ መከለያ ነው፤ የሚኒሶታ ቤት ድርብ መስኮት ሙቀት እንደሚይዝ ሁሉ፣ ውስጠኛው ገጽ ከውጭው ይልቅ ለብ ብሎ ስለሚቆይ ጭጋጉ የሚያርፍበት ቀዝቃዛ ቦታ ያጣል። ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መከለያ ሲሆን፣ ከስኖሞቢሉ በሽቦ ኃይል እየተቀበለ የመከለያውን ገጽ ያሞቀዋል።

ተጠራጣሪ፦ ሽቦው ከተነቀለ? ነጂው መንገድ ዳር ቆሞ ቢወርድ፣ ወይም ማሽኑ ጫካ ውስጥ ቢቆምበት፣ በሽቦ የሚሞቀው መከለያ ተራ መከለያ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነጂው ማሽኑን እየገፋ ከወትሮው እጥፍ ይተነፍሳል። ሙቀት የሚያስፈልገው ሙቀቱ በጠፋበት ሰዓት መሆኑ አስቂኝ ነው። የስኖሞቢል አምራቹ ኤድጋር ሄቲንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1960 በፖላሪስ ማሽኖች አላስካን አቋርጠው 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ምን ዓይነት የሚሞቅ መስታወት ነበራቸው?

ተሟጋች፦ ፖላሪስ እ.ኤ.አ. በ1954 ከሰሜን ሚኒሶታዋ ከሮዞ የተነሣ ኩባንያ ነው፤ ኤድጋር ሄቲንም ከዚያ ጉዞ በኋላ ወጥቶ፣ እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ በቲፍ ሪቨር ፎልስ፣ በኋላ አርክቲክ ካት የተባለውን ኩባንያ መሥርቷል። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ማሽን ከዛሬው ጋር ሲተያይ ቀርፋፋ ነበር፤ ዛሬ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄዱ አሉ። የቀድሞው ነጂ ፊቱን በጸጉራም ኮፍያ ሸፍኖ የሄደው ፍጥነቱ ስለ ፈቀደለት ነው። ስለ ሽቦው የተነሣው ግን ተገቢ ነው፤ ስለዚህ መከለያው ሳይሞቅም ድርብ መሆን አለበት፣ ማሽኑን የሚገፋ ሰውም መከለያውን ከፍቶ ፊቱን ማስተንፈስ አለበት።

ተጠራጣሪ፦ ሌላ ወገን፣ ማለትም በተዘጋ መከለያ ፋንታ መነጽርን የሚያስቀድመው፣ ለዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ አጭር መልስ አለው። አገጩ ወደ ፊት የወጣ፣ ከላይ ጥላ ያለው፣ ፊቱ ክፍት የሆነ የውድድር ሄልሜት ይወሰድ፤ በላዩ ላይ ሰፊ የበረዶ መነጽር ይደረግ፤ ትንፋሹ በክፍቱ አገጭ በኩል ወጥቶ ይሂድ። ሽቦ የለም፣ ማሞቂያ የለም።

ተሟጋች፦ በጥድ ደን ውስጥ ቆሞ እየገፋና እየዘለለ ለሚነዳ ሰው ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ብዙ ስለሚያልበው አየር ያስፈልገዋል። በሐይቅ ላይ ተቀምጦ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን አፍንጫውን ለነፋስ አሳልፎ ይሰጠዋል። መነጽሩም ቢሆን ከትንፋሽ አያመልጥም። በሄልሜቱ ቀዳዳ ጠርዝና በመነጽሩ ክፈፍ መካከል የጥፍር ስፋት ያለው ክፍተት ከቀረ፣ ውርጭ በዚያች ክፍተት ቅንድብ ላይ ቀይ መስመር ያሰምራል፤ ክፈፉ ከሰፋ ደግሞ ሄልሜቱ መነጽሩን ወደ ታች ተጭኖ አፍንጫን ይዘጋና ትንፋሹን ወደ ላይ፣ ወደ ሌንሱ፣ ይገፋዋል። መነጽርን ከአንዱ መደብር፣ ሄልሜትን ከሌላው መግዛት የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተደርገው ካልታዩ ሁለቱም አልታዩም።

እናት፦ መነጽር ከሥር የምታደርግ ልጅስ? ሁለት መስታወት፣ ሁለት ጭጋግ።

ተሟጋች፦ ከዐይን መነጽር በላይ እንዲደረግ ተብሎ ጥልቀት የተጨመረበት የበረዶ መነጽር አለ፤ በዘንጎቹ ቦታ ስፖንጁ ተቆርጦ መንገድ ተሰጥቷቸዋል። ጭጋጉ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ የተሻለው በዐይን ሐኪም ምክር የሚደረግ የዐይን ሌንስ ወይም ሞጁላሩ ሄልሜት ነው። ሌላው ጥንቃቄ የእጅ ነው። በረዶ የገባበት መነጽር በጓንት ጫፍ ከውስጥ ከተጠረገ ጭጋግ የሚከላከለው ስስ ቅባት ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ያ ቦታ ለዘለቄታው ይደበዝዛል፤ አራግፎ ማድረቅ እንጂ ማሸት አይገባም። ሲያርፉ መነጽሩን ግንባር ላይ ወይም ሄልሜቱ ላይ ሰቅሎ መተውም ላብ የሚወጣበትን ቦታ የሌንሱ ማንጠልጠያ ማድረግ ነው።

ተጠራጣሪ፦ የሌንሱ ቀለምስ? መደብሩ አምስት ቀለም ደርድሮ አምስቱንም ያስፈልጋል ይላል። ጥቁሩ ያምራል፣ ወርቅማው በፎቶግራፍ ያብረቀርቃል።

ተሟጋች፦ ከአምስቱ ሁለቱ ይበቃሉ፤ ጥቁሩ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ላይሆን ይችላል። ዐይንን ከፀሐይ የሚጠብቀው ጥቁረቱ አይደለም፤ አልትራቫዮሌት የተባለውን የማይታይ ጨረር የሚያግደው ሌንሱ የተሠራበት ፖሊካርቦኔት ራሱ ስለሆነ ጥርት ያለው ሌንስም ያግደዋል። ይህ ቸል የሚባል አይደለም፤ አዲስ የጣለ በረዶ ከዚህ ጨረር እስከ 80 በመቶውን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ጥበቃ የሌለው ዐይንም እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ያለ ሕመም ይይዘዋል፤ ያም የበረዶ መታወር ይባላል። የቀለሙ ሥራ ሌላ ነው። ሰማዩ በዳመና ተሸፍኖ በረዶው ጥላ በሚያጣበት ቀን ጉድጓዱና ጉብታው አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ቢጫ ወይም ሮዝ ሌንስ ልዩነቱን ያጎላል። በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ በስድስት ሰዓት የወጣ ነጂ ተመልሶ የሚመጣው በጨለማ ነው። የሚያስተላልፉት ብርሃን ከ8 በመቶ በታች የሆነ ሌንሶች፣ በአውሮፓ ደረጃ አራተኛው ምድብ የሚባሉት፣ ለማንኛውም ዓይነት ነጂ አይፈቀዱም፤ በምሽት ግን ከእነሱ ብዙ የሚቀሉትም አደጋ ናቸው። ስለዚህ አንድ ጥርት ያለ፣ አንድ ቢጫ።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ብርዱ የማይሰማው፣ መስታወቱ የማይደበዝዝበት፣ ጆሮው የተከደነ ሰው ለምን ቀስ ብሎ ይነዳል? ቀድሞ ብርዱ ራሱ ፍሬን ነበር፤ ፊት ሲቃጠል እጅ ጋዙን ይለቅ ነበር። የሚኒሶታ ነጂ የሚፈራው ትልቁ ነገር ደግሞ በሄልሜት የሚመለስ አይደለም፤ ስስ የሐይቅ በረዶ ነው። የ2023-24 ክረምት፣ በእ.ኤ.አ. አቆጣጠር፣ በመንትዮቹ ከተሞች ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለስኖሞቢል አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ቢያንስ 5 ኢንች፣ ማለትም 13 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ መወፈር አለበት ይላል፤ ያን ውፍረት በመሰርሰሪያ እንጂ በመነጽር የሚለካ የለም። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ሙሉ ሄልሜት፣ የጎማ ጭንብልና ሽቦ አንገቱ ላይ ይዞ ነው የሚዋኘው።

ተሟጋች፦ በረዶውን መሰርሰር የሚያስቀር ሄልሜት አለ ያለ የለም። የደበዘዘ መስታወት ግን ፍሬን አይሆንም፤ ብርድ እጅን ሲያዘገይ አእምሮንም አብሮ ያዘገያል፣ ነጂውም ቶሎ ቤት ለመግባት ሲል እንዲያውም ይፈጥናል። በሐይቅ ላይ ጠቆር ያለውን እርጥብ ቦታ፣ የተሰነጠቀውን መስመር፣ ከሌሎች ማሽኖች ዱካ ውጭ የሆነውን ወገን የሚያየው ዐይን ነው፤ ያ ዐይን ያለው ከሌንሱ በስተጀርባ ነው።

ተጠራጣሪ፦ በ80 የሚነዳ ሰው በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። መብራቱ 60 ሜትር ቢያሳየው፣ ያየውን ነገር ለማየት፣ ለመረዳትና ለመቆም ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ሌንስ ምንም ጥርት ቢል መብራቱን አንድ ሜትር አያስረዝመውም።

ተሟጋች፦ አያስረዝመውም። ጭጋግ የያዘው ግን ያሳጥረዋል።

እናት፦ ልጆቹ የሚነዱት በሐይቅ ላይ በ80 አይደለም፤ አባታቸው ከፊት፣ እነሱ ከኋላ፣ በመኪና መንገድ መሻገሪያው ላይ ሁሉ እየቆሙ ነው። ማሽኑ ሲቆም ነፋሱ አብሮ ይቆማል፣ ትንፋሹ ግን ይቀጥላል፤ ልጅቷ ግራና ቀኝ ማየት ያለባት መስታወቷ ነጭ በሆነበት በዚያው ቅጽበት ነው። እዚያ ላይ ምን ታድርግ?

ተሟጋች፦ ማሽኑ ሳይቆም መከለያውን አስቀድማ ጣት ታህል ትከፍተዋለች፤ ለዚህም የመክፈቻው ጠርዝ በወፍራም ጓንት አውራ ጣት የሚገኝ መሆን አለበት።

ተጠራጣሪ፦ መደብር ውስጥ ግን ሁሉም ሰው የሚሞክረው በባዶ እጁ ነው።

እናት፦ እንግዲያው ጓንቶቹ ከቤት ተይዘው ይሄዳሉ።